የሰሊጡ ላብ

ወረቀቱ 4 ገጽ ነው። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ቀይ ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው። አጎቴ አጣጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ሲዞር ስለከረመ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ከእርሱ ጋር ሁለት የአማርኛ ትርጉሞች ተያይዘዋል። አንደኛው ገጽ ተኩል ነው፤ ሁለተኛው 5 ገጽ። የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ጥሩ የእጅ ሥራ ሳይ ገልብጬ ጀርባውን የማየት ልማድ አለኝ፤ የጥልፍ ብልሃት የሚታወቀው ክሩ ከኋላ በታሰረበት ቦታ ነውና። ያንን ትርጉም ደጋግሜ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ የላላ ክር አላገኘሁበትም።

አጎቴ የድብ ባሕር ልጅ ነው። ድብ ባሕርን ለማያውቅ፣ ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁል ሲጨርስ የሚያገኛት ከተማ ናት። ስሟ ባሕር ይላል፤ ዙሪያዋ ግን ገደልና አምባ ነው። አጎቴ በወጣትነቱ በዚሁ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ኋላ ጎንደር ገብቶ እህል ነገደ፤ ሲደላደል ሰሊጥ ላኪ ሆነ። የመተማና የሁመራ ቆላ የሚያበቅለውን ሰሊጥ በብዛት ከሚገዙት አገሮች ቀዳሚዋ ቻይና ናት። ስለዚህ ባሕር አይቶ የማያውቅ የጎንደር ነጋዴ ሀብቱ ሳምንታት ሙሉ ውኃ ላይ ውሎ ያድራል። ሰሊጡ በተሳቢ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ኮንቴይነር ውስጥ ታሽጎ መርከብ ይሳፈራል፤ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ፣ በማላካ ወሽመጥ ሾልኮ ወደ ሰሜን ይወጣል።

የዚህኛው ጭነት መርከብ በታኅሣሥ ከጅቡቲ ወጥቶ በጥር ቻይና ገባ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ከላይ የተደረደሩት ጆንያዎች ርሰው፣ ሰሊጡ ተጓጉሎና ሻግቶ ተገኘ። ገዢው የምርመራ ሪፖርት 3 ገጽ፣ የመድን ውሉን ቅጂ 1 ገጽ አያይዞ ላከ። በእንግሊዝኛ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሒሳቡ እቀንሳለሁ የሚል።

የመጀመሪያው ተርጓሚ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ከቻይናውያን ጋር ዓመታት የሠራ ጎበዝ ልጅ ነው። ከፎርማኑ ጋር ሲቀላለድ የሰማው ሁሉ አፉን ይይዛል። ጽሑፉን ግን ፊደል በፊደል ከስልኩ መዝገበ ቃላት እየፈለገ ነው ያነበበው። ውጤቱ ይህን የመሰለ ነበር። «እርሳሱ ደህና ነው። ሰሊጡ ማዕበል ደርሶበታል። የረጠበው በላብ ነው። ዕቃው የሰላም ኢንሹራንስ አለው።»

አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ጠየቀ። «የምን እርሳስ? የማን ላብ?»

ልጁን አልወቅሰውም። እያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። «ቺየንፈንግ» ሲፈታ በእርግጥም የእርሳስ እሽግ ነው። ድሮ የጭነት በር የሚታሸገው በእርሳስ ስለነበረ ቻይንኛው ዛሬም ያንኑ ስም ይዞ ቀርቷል፤ የእኛ ትራንዚተሮች «ሲል» የሚሉት ያ ቁጥር ያለው መቆለፊያ ነው። «ሾውቻው» ውስጥ ያለው «ቻው» የባሕር ሙላትም ነው፣ እርጥበትም ነው። አንዱ ፊደል ሁለቱንም ይሸከማል፤ የትኛውን እንደተሸከመ የሚናገረው ጎረቤቱ ነው። ልጁ ቃላቱን አንድ በአንድ አውቋቸዋል፤ ጉርብትናቸውን አላወቀም።

ሌላ ሰው ፍለጋ ወጣን። ቻይንኛ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ብርቅ አይደለም። መንገዱ፣ ፋብሪካው፣ የጅቡቲው ባቡር ብዙ አስተርጓሚ አፍርተዋል። የባሕር ወረቀት የሚያነብ ግን ሌላ ነው። ሐኪም ሁሉ ዓይን አይቀድም። አንዱ የሞጆ ደረቅ ወደብን፣ ሌላው ጅቡቲን፣ ሌላው አዲስ አበባ ያሉ ማኅተም ያላቸውን ትርጉም ቤቶች ጠቆመን። በመጨረሻ ሦስት ስም ቀረ። ከሪፖርቱ አንዲት መስመር ፎቶ አንስቼ ለሦስቱም በቴሌግራም ላክሁ።

አንደኛው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተርጉሞ መለሰ። ሁለተኛው ስንት ገጽ እንደሆነና ዋጋውን ጻፈ። ሦስተኛዋ ምንም አልተረጎመችም። ሦስት ጥያቄ ላከች። ሽያጩ በኤፍ ኦ ቢ ነው በሲ ኤንድ ኤፍ? ጆንያው ኮንቴይነር ውስጥ የገባው በየትኛው ወር ነው? ትርጉሙን የሚያነበው ማን ነው፣ ባለቤቱ ወይስ ዳኛ?

ሥራውን ለእርሷ ሰጠናት። በሲ ኤንድ ኤፍ ከሆነ የመርከቡን ኪራይ የሚከፍለው ሻጩ ነው፤ ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ለሚደርስበት አደጋ ግን ተጠያቂው ገዢው ነው፤ መድን የሚገዛውም እርሱ ነው። ወሩ ደግሞ የአየሩን ነገር ይናገራል። እነዚህን ሳያውቅ ያችን መስመር የሚተረጉም ሰው ጨለማ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው ነው። የባሕር ወረቀት ተርጓሚ የሚፈልግ ካለ፣ ከእኔ አንድ ምክር ይውሰድ፤ መልሱን ትቶ ጥያቄውን ይመልከት።

ልጅቷ የደባርቅ ቤተሰብ ልጅ ናት። ቻይንኛውን የተማረችው እዚያው ቻይና ነው፤ የመርከቡን ቋንቋ ያወቀችው ግን ጅቡቲ ትራንዚተር ቢሮ ውስጥ፣ ማኒፌስት ስታስተካክልና ዲመሬጅ ስታሰላ ነው። ሦስት ዓምድ የተሰመረበት ደብተር አላት። በአንደኛው የቻይንኛው ቃል፣ በሁለተኛው ወደብ ላይ ሰው በትክክል የሚለው ቃል፣ በሦስተኛው «ማን ይከፍላል?» የሚል ነው። ሦስተኛው ዓምድ ደነቀኝ። ዲመሬጅ በቻይንኛ «ዢቺፌይ» ነው፤ የመዘግየት ጊዜ ክፍያ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓምድ «ዲመሬጅ» ብላ ትታዋለች፤ ሹፌሩም ነጋዴውም የሚለው እርሱን ነዋ። በሦስተኛው ዓምድ ግን ግማሽ ገጽ ጽፋለች።

ሥራውን ወደ ማየቱ ልግባ።

ከመጨረሻው ገጽ ልጀምር፤ ከመድን ውሉ። የቻይና ሕዝብ መድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የባሕር ጭነት ደንብ ሦስት ዋና ዋና የመድን ዓይነቶች አሉት። የመጀመሪያው «ፒንግአን» ይባላል፤ ሰላም፣ ደኅንነት ማለት ነው። ሁለተኛው «ሹዪዝ» ነው፤ የውኃ እድፍ እንደ ማለት። ሦስተኛው «ዪቺየ» ነው፤ ሁሉም ነገር። አንድ የቅኔ ተማሪ ሦስቱን ስሞች ቢሰማ ኅብሩን ወዲያው ይጠረጥራል፤ ስማቸውና ሥራቸው አይገናኝማ። ሰላም የተባለው ከሦስቱ ጠባቡ ነው። ዕቃው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ይከፍላል፤ መርከቡ ሲጋጭ፣ ሲሰጥም ወይም መሬት ሲይዘው ለሚደርስ ከፊል ጉዳትም ይከፍላል፤ ማዕበልና መብረቅ ብቻቸውን ላደረሱት ከፊል ጉዳት ግን እጁን ይሰበስባል። የውኃ እድፍ የተባለው ይህን ክፍተት ይሞላል እንጂ ከእድፍ ጋር የተለየ ጉዳይ የለውም። ሁሉም ነገር የተባለው ደግሞ ስርቆትን፣ የዝናብ ውኃን፣ መጉደልን፣ ላብና ሙቀትን ይጨምራል፤ ጦርነትና አድማ ግን እርሱም ውስጥ የሉም።

የመጀመሪያው ትርጉም «የሰላም ኢንሹራንስ» ብሎ ሲያልፍ አጎቴ ደስ ብሎት ነበር። ዕቃው ሰላም ነው፣ የሚከፍል አለ ብሎ። ልጅቷ ምን እንዳደረገች ተመልከቱ። ስሙን አልተረጎመችውም፤ «ፒንግአን የተባለው መድን» ብላ እንደ ሰው ስም አቆመችው። ከግርጌ በሁለት መስመር «ቃሉ በቁሙ ሰላም ማለት ነው፤ በመድን ሥራ ግን ከሦስቱ ዓይነቶች ሽፋኑ ጠባብ የሆነው ነው። ላብና እርጥበት አይገቡበትም» ብላ ጻፈች። አጎቴ ይህን ሲያነብ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ጭኑን መታ። ነገሩ ሁሉ ተፈታለት። ገዢው ርካሹን መድን ገዝቷል፤ የመድን ድርጅቱ ለላብ አይከፍለውም፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ጎንደር አዞረ። ትርጉሙ ይህን አልተናገረም። በሩን በሚታይበት ቦታ አቁሞ መግባቱን ለአንባቢው ተወ።

በዚያው ገጽ «ጎንግቶንግ ሃይሱን» የሚል ሐረግ አለ፤ የወል የባሕር ጥፋት። መርከብ በማዕበል ሲጨነቅ ጥቂቱ ጭነት ወደ ባሕር ይጣላል፤ የተጣለበት ሰው ብቻውን አይከስርም፤ የዳነው ሁሉ በየድርሻው ያዋጣል። ልጅቷ «የወል የባሕር ኪሳራ» ብላ ተርጉማ፣ ከግርጌ «በዮናስ መርከብ እንደሆነው» የሚሉ ሦስት ቃላት ጨመረች። አጎቴ የልጅነት ትምህርቱ የቄስ ቤት ነው። ሦስቱ ቃላት የአንድ ገጽ ማብራሪያ ሥራ ሠሩለት። አንባቢዋን አውቃዋለች፤ ለዳኛ ብትጽፍ ኖሮ ዮናስን እንደማትጠራው እርግጠኛ ነኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልራቅ፤ የባሕር አማርኛ ራሱ የትርጉም ልጅ ነውና። የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 164፣ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ምጽዋና አሰብ ወደቦቻችን ነበሩ። ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ነው፤ ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ይህ ሰው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ የቻይና መንግሥት የሕግ አማካሪ ነበር፤ በ1936 ስለ ቻይና ሕግ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሞት የጀመረውን የንግድ ሕግ የአገሩ ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። እንግዲህ የቻይናን ሕግ መርምሮ የጻፈ ሰው ያኔ ለኢትዮጵያ የባሕር ሕግ አርቅቋል፤ ዛሬ ደግሞ የደባርቅ ልጅ የቻይናን የባሕር ወረቀት በአማርኛ ትጽፋለች። መንገዱ ዞሮ ገጥሟል።

የፈረንሳይኛው ሕግ ለባሕር ጉዳት የሚጠቀመው ቃል «አቫሪ» ነው። የቃል ሊቃውንት ሥሩን ከዐረብኛው «ዐዋር» ይመዝዙታል፤ ጉድለት፣ እንከን ማለት ነው። በዐረብኛ ከዚያው ሥር አንድ ዓይና ሰው «አዕወር» ይባላል፤ የግእዙ ዕውርም የዚያው ሥር ዘመድ ነው። በዓለም ወደቦች ሁሉ የሚነገረው የጉዳት ቃል ከቆሎ ተማሪ ቃል ጋር አንድ አያት አለው። ይህን ለልጅቷ ስነግራት በደብተሯ ጻፈችው፤ በየትኛው ዓምድ እንደጻፈችው አላየሁም።

ወደቦቹ ከሄዱ በኋላም መርከቦቹ አልጠፉም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ዛሬ ከደረቅ ወደብና ከትራንዚት ጋር ተዋህዶ ይሠራል፤ ከቻይና መርከብ ሠሪዎች 9 መርከቦች አሠርቶ ተረክቧል። ከመካከላቸው ሁለቱ ነዳጅ ጫኞች ነበሩ፤ አንደኛዋ ባሕር ዳር ትባል ነበር። ደረቅ ወደብም ወደ እኛ ቀርቦ ወረታ ደርሷል። ወደብ አልባ አገር የመርከብ ወረቀት አይቀንስላትም፤ ይበዛባታል እንጂ። ከባሕሩ በራቅህ ቁጥር ዕቃህን የምታየው በወረቀት ነው።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ልመለስ፤ የልጅቷ እጅ በእውነት የሚታየው እዚያ ነው። የርጥበት መርማሪ የመጀመሪያ ጥያቄ ውኃው የየት ውኃ ነው የሚል ነው። የባሕር ከሆነ ኮንቴይነሩ ቀዳዳ አለው ወይም ማዕበል ገብቷል። የዝናብ ከሆነ በሩ ወይም ጣሪያው ያፈስሳል። ሁለቱም ካልሆነ ከውስጥ ነው። የባሕር ውኃን ለመለየት መርማሪው የብር ናይትሬት ጠብታ ያሳርፍበታል፤ ጨው ካለበት ጠብታው ወተት መስሎ ይነጣል። ሪፖርቱ ስለዚህ ምርመራ ሲጽፍ «ዌይጅየን» የሚል ቃል ተጠቀመ። የመጀመሪያው ትርጉም «ጨው የለም» አለ። ልጅቷ «የጨው ምልክት አልታየም» አለች። የለም ማለትና አልታየም ማለት በአማርኛ ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ በወረቀት ላይ ግን ሩቅ ናቸው። የለም ያለ ሰው ዋስ ሆኗል። አልታየም ያለ ሰው የተናገረው ስለ ዓይኑ ብቻ ነው።

ስለ በሩ ደግሞ «ሲሉ አልተነካም፤ ቁጥሩ ከጭነት ሰነዱ ጋር ይመሳከራል» ብላ ጻፈች። እርሳሱ ጠፋ፤ አጎቴም ተገላገለ።

ቻይንኛ ባለቤት የሌለው ግሥ ይወድዳል። «ተመርምሮ፣ ታይቶ» ይላል፤ ማን እንደመረመረ አይናገርም። አማርኛ ግን ግሡ ላይ ባለቤቱን ያስራል፤ እርሱ ነው፣ እርሷ ናት፣ እነርሱ ናቸው ሳይል አያልፍም። የመጀመሪያው ተርጓሚ ይህን ለመሙላት «መርማሪዎቹ አዩ» እያለ በየመስመሩ ሰው አስገባ። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች በተደራጊ ግሥ ሄደች፤ «ተከፈተ፣ ተለካ፣ ታየ»። አንድም ቦታ ላይ ያልነበረ ሰው አልጨመረችም። ብዙ አንባቢ ይህን አያስተውለውም፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ ቱምቢው አያስብም።

ከዚያ ያች መስመር መጣች፤ ለሦስቱ የላክኋት። በቻይንኛ ስታነቧት ጥቂት ፊደል ናት። መጀመሪያዋ ላይ «ዪስ» የሚል ቃል አለ፤ መሰለ፣ ተጠረጠረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ትርጉም ዘለለው፤ «በላብ ነው» አለ። ልጅቷ «በኮንቴይነር ላብ የራሰ ይመስላል» አለች። አንዲት «ይመስላል» ምን ያህል ገንዘብ እንደምታንቀሳቅስ ነጋዴ ያውቃል።

ላብ የሚለው ቃል ግን ቀላል አልነበረም። ሙቅ አገር የተጫነ ዕቃ ወደ ብርድ ሲሄድ የኮንቴይነሩ ብረት ከውስጡ አየር ቀድሞ ይቀዘቅዛል። አየሩ የያዘው እርጥበት ጣሪያው ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ እንደ ካፊያ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ከታኅሣሥ ጅቡቲ ወደ ጥር ሰሜን ቻይና ማለት ይኸው ነው። ቻይንኛው ይህን «ሀን» ይለዋል፤ ላብ። እንግሊዝኛውም ላብ ይለዋል። አማርኛ ግን ለዚህ የተሠራ የሚመስል የራሱ ቃል አለው፤ ጤዛ። ቀዝቃዛ ነገር ላይ ከአየሩ የሚያርፍ ውኃ። ከሳይንሱ ጋር ቢመዘን ጤዛ ከላብ ይልቅ ይቀርባል።

ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመጣ አጎቴ ጎንደር ሱቁ ውስጥ ቡና አስፈልቶ ጠበቃት። እኔም ነበርሁ። 5ቱን ገጽ ዘርግቶ በጣቱ ያችን ቃል ነካት።

«ልጄ፣ እጅሽን ይባርከው። አንዲት ነገር ብቻ አስተካክይልኝ። ላብ ያልሽውን ጤዛ በይው።»

«ለምን አባባ?»

«ላብ ካልሽማ ያላበው ሰሊጡ ነው ማለት ነው። እርጥብ ሰሊጥ ጭኜ ነው ማለትሽ ነው። ጤዛ ግን የአየር ነው። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ልጅቷ ስኒዋን አስቀመጠች። «እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ጤዛ ብዬ ብጽፍ ውኃው ከአየር መጣ ማለቴ ነው። ወረቀቱ ግን ከየት እንደመጣ አልተናገረም። ከሰሊጡ ይሁን፣ ከጣውላው ይሁን፣ ሲጫን አብሮ ከገባው አየር ይሁን ዝም ብሏል። ዝምታውን እኔ ልሞላው አልችልም።»

«ከፋዩ እኔ ነኝ እኮ።»

«ስለዚህ ነው፣ አባባ። የሚከፍለኝ ሰው የሚወድደውን ቃል ብጽፍ፣ ያኛው ወገን አንዷን ቃል ይዞ 5ቱንም ገጽ ይጥልብዎታል።»

የጻፈችውን የግርጌ ማስታወሻ አሳየችው። «ሀን፦ በቁሙ ላብ። ጤዛ በሚፈጠርበት መንገድ የሚፈጠር ውኃ ነው። የውኃውን ምንጭ ጽሑፉ አይገልጽም።» ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች። በመጀመሪያው ለጽሑፉ ታመነች፣ በሁለተኛው ለሳይንሱ፣ በሦስተኛው ለዝምታው። ለአጎቴ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም እዚያው አለ።

ጎንደር የዚህን ዓይነት ጥንቃቄ ጥንት ታውቀዋለች። የላይ ቤትና የታች ቤት የትርጓሜ መምህራን መጽሐፉን ሲፈቱ ንባቡን ከትርጓሜው ሳያደባልቁ ነው። መጀመሪያ ገጸ ንባቡ በቁሙ ይባላል፤ ከዚያ አንድም፣ አንድም እያለ ትርጓሜው ይከተላል። ንባቡን ለሚወድዱት ትርጓሜ ሲሉ የሚጠመዝዙ ተማሪዎች መምህሩ ፊት ይዋረዳሉ። አጎቴ ያን ወንበር ከሩቅም ቢሆን ያውቀዋል። ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ንባቡን አልነካሽውም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

የገዢው ክርክር አላለቀም። አጎቴ አሁን የሚጽፈው ደብዳቤ ግን ከበፊቱ ይለያል። ሰሊጡ ሲጫን የተለካበትን የእርጥበት መጠን ወረቀት ከመጋዘን አውጥቷል፤ ገዢው ለምን ጠባቡን መድን እንደመረጠ ይጠይቃል፤ የውኃው ምንጭ ባልተገለጸበት ሪፖርት ለምን ሒሳብ ይቀነሳል ይላል። ለዚህ ሁሉ ያበቃው ትርጉሙ ነው፤ ያውም የትም ቦታ ሳያዳላለት።

ልጅቷ ልትሄድ ስትነሳ አጎቴ ሊማሊሞን አነሳ። ረዳት እያለ ከድብ ባሕር ሙቀት ተነስተው ወደ ደባርቅ ሲወጡ፣ ጭጋጉ ሲመጣ፣ የመኪናው የፊት መስታወት ውኃ ይጥል ነበር። ሹፌሩ ሲጮህበት እርሱ በውጭ በኩል ደጋግሞ ይጠርገው ነበር፤ አይጠራም። በኋላ አንድ ሽማግሌ ሹፌር እጁን ይዞ ጨርቁን በውስጥ በኩል አስጠረገው።

«ጉሙ የገባብን መስሎኝ ነበር» አለ አጎቴ፣ ወረቀቱን እያጠፈ። «ትንፋሻችን ኖሯል።»